ስለ አመፅና አብዮት ለማንበብ የኢንተርኔት አርካይቭ ውሰት ምን ያህል ያዋጣል?

ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አመፆች በራሱ ዕቅድ ለማንበብ የተነሣ ሰው የመጻሕፍቱን ዝርዝር ጽፎ ሲጨርስ ዋጋቸው ያስደነግጠዋል። በርዕሱ ላይ የተሠሩት ጠንካራ ጥናቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉና በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ማተሚያ ቤቶች የታተሙ ናቸው። እዚህ አገር መደርደሪያ ላይ እንደ ልብ አይገኙም፣ ለማስመጣት ደግሞ ዶላር ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት አርካይቭና በእሱ ሥር ያለው ኦፕን ላይብረሪ ይህን ክፍተት በነጻ ይሞላሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመ፣ ለትርፍ ያልቆመ ነው፤ የታተሙ መጻሕፍትን ስካን እያደረገ በኢንተርኔት ያውሳል። እዚህ አገልግሎቱን የምንመዝነው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የኢትዮጵያን የገበሬ አመፆችና የ1966ቱን አብዮት መሐል ላይ አድርጎ፣ ከሌላው ዓለም ጋር እያነጻጸረ ለሚሄድ ስድስት ወር ገደማ ለሚፈጅ የግል ንባብ።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። ለፍለጋና ለማጣቀሻ የሚስተካከለው የለም። አንድን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ግን ያሰለቻል፤ ለአማርኛ መጻሕፍት ደግሞ ደካማ ነው። ይህን ሳያውቅ ዕቅድ ያወጣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በኢሜይል አካውንት ይከፈታል፣ ክፍያ የለም። ከዚያ የሚያጋጥሟችሁ መጻሕፍት አራት ዓይነት ናቸው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ወይም ባለቤታቸው የፈቀደላቸው በፒዲኤፍ ይወርዳሉ። ሌሎቹ ለአንድ ሰዓት ይዋሳሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ድርጅቱ ከአንድ በላይ ቅጂ ያለው እንደሆነ ለ14 ቀን የሚዋስም አለ። ሦስተኛው ዓይነት ጥቂት ገጽ ብቻ የሚያሳይ ሲሆን አራተኛው የማየት ችግር ላለባቸውና ይህንኑ ላረጋገጡ ተጠቃሚዎች ብቻ የሚከፈት ነው። ውሰቱ የሚሠራው እንደ ማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ነው፤ አንድ ቅጂ ካለ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ሌላው ይጠብቃል። የአንዱ ሰዓት ጊዜ ሲያልቅ ወረፋ ከሌለ እንደገና መዋስ ይቻላል።

አንድ ሰዓት ምን ያህል ያስነብባል? ማስታወሻ እየያዙ ከሆነ ከጥናት መጽሐፍ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ገጽ ነው። የተለመደው ምዕራፍ ከ30 እስከ 40 ገጽ ስለሚሆን ሁለት ውሰት ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ሳትዋሱ በፊት ቅድመ ዕይታ የሚፈቅድ ከሆነ ማውጫውን ክፈቱ፤ የምትፈልጉት ምዕራፍ በየትኛው ገጽ እንደሚጀምር ጻፉ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን የፍለጋ ሳጥን ተጠቅማችሁ ቁልፍ ቃላችሁ የት የት እንደሚገኝ እዩ። ፍለጋው መጽሐፉ በሌላ ሰው እጅ እያለ እንኳ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገርም ቆርጦ ያሳያል። ከዚህ በኋላ ነው መዋስ። ውሰት ወስዶ ማውጫ ማገላበጥ ሰዓቱን በከንቱ መብላት ነው።

ይህ ገደብ የትኛው መጽሐፍ እንደሚመች ይወስናል። ኤሪክ ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው የገበሬ ጦርነቶች ጥናት ሜክሲኮን፣ ሩሲያን፣ ቻይናን፣ ቬትናምን፣ አልጄሪያንና ኩባን በየምዕራፉ ለየብቻ ስለሚያይ ለሰዓት ውሰት የተሠራ ይመስላል፤ በሳምንት አንድ አገር ብትይዙ በስድስት ሳምንት ያልቃል። የቴዳ ስኮችፖል የ1979ኙ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የቻይና አብዮቶች ንጽጽር ግን ክርክሩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የተሳሰረ ነው፤ ቆራርጦ ያነበበው ሰው ስለ መንግሥት መዳከም የተናገረችውንና ስለ ገበሬ አመፅ የተናገረችውን አያገናኘውም። እንዲህ ዓይነቱን ገዝቶ ወይም ከሰው ተውሶ በወረቀት መያዝ ይሻላል። በዝርዝራችሁ ላይ ካሉት መጻሕፍት አጠገብ «በምዕራፍ የሚነበብ» ወይም «በሙሉ የሚነበብ» ብላችሁ ጻፉ፤ ለአርካይቩ የሚተዉት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው።

አሁን ስለ ትልቁ ችግር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ድርጅቱ በኮሮና ምክንያት ወረፋውን አንሥቶ አንድን ቅጂ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማዋስ ጀመረ። በሰኔ ወር አራት ትልልቅ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ተፈረደበት፣ ይግባኙንም በመስከረም 2024 ተሸነፈ። በዚህ የተነሣ ከ500 ሺህ በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጥተዋል። በተግባር የወጡት አሳታሚያቸው በኤሌክትሮኒክ ቅጂ የሚሸጣቸው ናቸው፤ ይህም ማለት አዳዲሶቹና ታዋቂዎቹ። የቀሩት በ1950ዎቹ፣ 60ዎቹና 70ዎቹ እ.ኤ.አ. ታትመው ከገበያ የጠፉት ናቸው። ለዚህ ርዕስ ጉዳቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ስለ አልጄሪያ፣ ስለ ኬንያው ማው ማው አመፅ፣ ስለ ቬትናም፣ ስለ ፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች በጊዜው የተጻፈው የጋዜጠኛና የምሁር ሥራ በብዛት ያለው በዚያ ዘመን ነው። እንደ ባሕሩ ዘውዴ የ2014 እ.ኤ.አ. የተማሪዎች እንቅስቃሴ ጥናት ያለውን አዲስ ሥራ ግን በውሰት አገኛለሁ ብላችሁ ሳምንት አትመድቡለት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ዛሬ ከፍታችሁ ያላያችሁትን መጽሐፍ በዕቅዱ ላይ አትጻፉ፤ ዛሬ ያያችሁትንም ከሁለት ወር በላይ አታቆዩት።

የዕቅዱ አጥንት ምን ይሁን ለሚል፣ ከሦስቱ የገበሬ አመፆች መጀመር ያዋጣል። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት የትግራዩን የ1935 ዓ.ም. ቀዳማይ ወያኔ፣ የባሌውን ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀ አመፅና የጎጃሙን የ1960 ዓ.ም. ተቃውሞ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ሦስቱን ለማነጻጸር ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ የተነሡት እነማን ናቸው፣ የተነሡት በምን ላይ ነው፣ ማን መራቸው፣ መንግሥት ምን አደረገ፣ እንዴት አለቀ። በትግራይ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ይመሩት የነበረው አመፅ ከኤደን በተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ጭምር በወራት ውስጥ ተሰበረ። ጎጃም ላይ ቁጣውን የቀሰቀሰው በ1960 ዓ.ም. የመጣው የእርሻ ገቢ ግብር ሲሆን፣ ከግብሩ መጠን ይልቅ ገበሬውን ያስፈራው የመሬት ልኬታው ርስቴን ይነጥቀኛል የሚለው ሥጋት ነበር። ባሌ ላይ የመሬት ልኬታ፣ ግብር፣ የሃይማኖትና የማንነት በደል ተደራርበው፣ ከሶማሊያ በኩል የሚገባ መሣሪያም ታክሎበት ሰባት ዓመት ፈጀ። ሰንጠረዡ ሲሞላ የሚነሣው ጥያቄ ነው ቀጣዩን ንባብ የሚመራው፦ ገበሬው በየክፍለ ሀገሩ እንዲህ ሲያምፅ ቆይቶ ዙፋኑን የገለበጠው ግን ለምን የከተማው ተማሪ፣ መምህር፣ ታክሲ ነጂና ወታደር ሆነ?

ይኸው የገብሩ መጽሐፍ ለአንድ ሌላ ዘዴ ምሳሌ ይሆናል። መጀመሪያ ካምብሪጅ ያሳተመው ሲሆን በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. ሬድ ሲ ፕሬስ እንደገና አውጥቶታል። በአርካይቩ ላይ ሁለት ኅትመት ሁለት የተለያየ መዝገብ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የለም» ከማለታችሁ በፊት ሁሉንም ኅትመት ፈልጉ። ኦፕን ላይብረሪ ለዚህ የተሻለ ነው፣ የአንድን ሥራ ኅትመቶች በአንድ ገጽ ሰብስቦ ያሳያልና።

የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚፈልግ ሰው ሌላው ፈተናው ስም ነው። የፈረንጅ መዝገብ አያያዝ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየወሰደ ያስቀድማል፤ ስለዚህ ባሕሩ ዘውዴን በ«ባሕሩ»ም በ«ዘውዴ»ም መፈለግ ያስፈልጋል። አጻጻፉም ወጥ አይደለም። ጎጃምን በአንድ «ጄ»ም በሁለት «ጄ»ም፣ ሥላሴን በአንድ «ኤል»ም በሁለት «ኤል»ም፣ የባሌውን አመፅ መሪ ዋቆ ጉቱን በ«ኪው»ም በ«ኬ»ም ታገኙታላችሁ። ሦስት አራት አማራጭ አጻጻፍ ያለበት ትንሽ ዝርዝር በማስታወሻ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉና ለእያንዳንዱ ፍለጋ እሱን ተጠቀሙ። የፍለጋ ሳጥኑ ሳትነኩት የሚፈልገው በርዕስ፣ በደራሲና በመሰል የመዝገብ መረጃ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ከሥሩ ያለውን ምርጫ የመጻሕፍቱን ውስጥ ጽሑፍ ወደሚፈልገው ካልቀየራችሁት አብዛኛው ሀብት ተደብቆ ይቀራል። ስለ ባሌ የሚያወሩ ብዙ ገጾች «ባሌ» የሚል ርዕስ በሌላቸው የጉዞ፣ የሕዝብ አስተዳደርና የሚሲዮን መጻሕፍት ውስጥ ናቸው።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ያሳስታል። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 1985 ካለ በ1985 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ መዝጋቢው ሳይቀይር ከጻፈው ግን መጽሐፉ ከታተመበት ዘመን ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ ይቀመጣል። የኅትመት ዓመት ማጣሪያ ስትጠቀሙ በሁለቱም በኩል አሥር ዓመት ጨምሩ። በማስታወሻችሁ ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1975፣ በሚል ጥንድ ካልተያዘ በሦስተኛው ወር የንባብ ማስታወሻው ይተረማመሳል።

አማርኛው ላይ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ስካን የተደረጉ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ፤ በተለይ ቆየት ያሉና ግለሰቦች የጫኗቸው። ችግሩ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም በፊደላችን ላይ ደካማ መሆኑ ነው። ቀደም ብለው የተጫኑት ላይ የሚወጣው ጽሑፍ የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ትርኪ ምርኪ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሲሆን በውስጡ ፍለጋ የሚባል ነገር የለም። በደንብ በተነበበውም ላይ ቢሆን ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሕዝብ» ብሎ የፈለገ «ህዝብ» የሚለውን አያገኝም፤ «አመፅ»፣ «ዐመፅ»፣ «አመጽ» ሦስት ፍለጋ ነው። በግለሰቦች የተጫኑትን በተመለከተ ደግሞ የቅጂ መብት ባለቤቱ ሲያመለክት ይነሣሉ፤ ደራሲው በሕይወት ያለ መጽሐፍ ከሆነም መግዛቱ ተገቢ ነው።

ለማንኛውም የአብዮቱን ዘመን የሚያነብ ሰው የአማርኛ ትዝታዎችን በወረቀት ቢይዝ ይጠቀማል፣ ምክንያቱም እነዚህ መጻሕፍት የሚነበቡት አንዱን በሌላው ላይ ከፍቶ ነው። የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ» ከኢሕአፓ ወገን፣ የአንዳርጋቸው አሰግድን «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ከመኢሶን ወገን፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» ከደርግ ወገን አስቀምጡ። ተራ በተራ ከማንበብ ይልቅ ጥቂት ቀኖች ምረጡና ሦስቱም ስለዚያ ቀን የሚሉትን በአንድ ቁጭታ አንብቡ። መስከረም 13 ቀን 1969 በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የተቃጣው የግድያ ሙከራ አንዱ ነው፤ ጥር 26 ቀን 1969 የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የተገደሉበት ሌላው። ማን ቀድሞ ጥይት ተኮሰ የሚለው ክርክር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ዙሪያ ይታያል። ሦስቱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን የሚተርፈው የሦስት ድርጅቶች እሰጥ አገባ ነው፤ እዚህ ላይ አርካይቩ ውስጥ ያለው በጊዜው የታተመ የውጭ ጥናት እንደ አራተኛ ምስክር ይገባል። በነገራችን ላይ ገጽ ቆጣቢ ከሆናችሁ ከእነዚህ ትዝታዎች መጀመሪያ የምታነቡት አባሪውን ይሁን፤ መግለጫው፣ ደብዳቤውና የስም ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው፤ ከትረካውም የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ስልክና ስለ ዳታ። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን የሚያሳየው ዕይታ ለኮምፒውተር እንጂ ለስልክ አይሆንም፤ ወደ አንድ ገጽ ቀይሩት። የሚጫነው የገጽ ምስል ስለሆነ ባጎላችሁት ቁጥር ዳታ ይበላል። የሚወርድ መጽሐፍ ሲሆን ፒዲኤፉ ብዙ ጊዜ ከ20 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ተራ የጽሑፍ ፋይሉ ግን ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። ፒዲኤፉን ዋይፋይ ባለበት አውርዱ፤ ለፍለጋ የጽሑፍ ፋይሉን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የጽሑፍ ፋይሉ ስሕተት የበዛበት ስለሚሆን ግን ከእሱ በቀጥታ አትጥቀሱ፤ ቁጥርና ስም በተለይ ከገጹ ምስል ጋር ይመሳከር። «3» እና «8» እየተቀያየሩ የዓመተ ምሕረት ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

የገጽ ቁጥርም ተጠንቀቁ። በአድራሻው መስመር ላይ ከ«ኤን» ፊደል ቀጥሎ የሚታየው ቁጥር ስካኑ ከሽፋኑ ጀምሮ የቆጠረው ቅጠል ነው፤ በመጽሐፉ ላይ ከታተመው ቁጥር በአሥርና በሃያ ሊራራቅ ይችላል። ማስታወሻ ላይ የሚጻፈው የታተመው ነው። ሊንኩን ግን ከጎኑ ያዙት፣ ቀጥታ ወደዚያው ገጽ ይመልሳችኋልና። ካርታ ላይ ተስፋ አታድርጉ፦ የሚታጠፉ ትልልቅ ካርታዎች ታጥፈው ስካን የተደረጉበት ጊዜ ስለሚያጋጥም የባሌን ተራሮችና ወንዞች በሌላ ካርታ መከታተል የግድ ሊሆን ይችላል።

አርካይቩ የማይሸፍነውን በነጻ የሚሞሉ ሁለት ሦስት ቦታዎች አሉ። ጄስቶር በነጻ አካውንት በወር እስከ 100 መጣጥፍ በስክሪን ላይ ያስነብባል፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው መጽሔት እዚያ አለ፤ መጽሐፍ በሙሉ ከማንበብ ሃያ ገጽ መጣጥፍ የሚበቃበት ጉዳይም ብዙ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያወጣቸው የዲፕሎማሲ ሰነዶች ስብስቦች በሙሉ ክፍት ናቸው፤ ከ1973 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ያለው የአፍሪካ ክፍልና ከ1977 እስከ 1980 ያለው የአፍሪካ ቀንድ ክፍል ከኤምባሲው የተላኩትን ቴሌግራሞች ይዘዋል። በቀን ቅደም ተከተል ስለተደረደሩ ከላይ በጠቀስናቸው ቀኖች ላይ ማመሳከር ቀላል ነው፤ ጸሐፊው የአንድ መንግሥት ዲፕሎማት መሆኑን አለመርሳት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን፣ አሜሪካ ያለ ደግሞ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በኩል የሚሠራውን የኢንተርላይብረሪ ውሰት መሞከር አለበት። ይህ የመጨረሻው ለሳምንታት ወረቀቱን እጅ ላይ ስለሚሰጥ «በሙሉ የሚነበብ» ላልናቸው ፍቱን ነው።

የአካውንቱ ነገር ቀላል አይደለም። በአርካይቩ ላይ «የምወደው» ብላችሁ የያዛችሁት ዝርዝር ለማንም ይታያል። ርዕሱ አመፅ ስለሆነና ሁሉም ሰው የሚኖርበት አገር አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ በተለይ ሥራቸውና መኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪ እጅ ላለባቸው፣ የራስን ስም የማይገልጽ የተጠቃሚ ስም መምረጥ ይመከራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ድርጅቱ በመረጃ መንታፊዎች ተጠቅቶ የ31 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል ወጥቷል፤ ገጹም ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት የይለፍ ቃል ስጡት፤ የንባብ ዝርዝራችሁንም በራሳችሁ ፋይል ላይ ያዙ።

ከመጻሕፍቱ ውጭ ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድርጅቱ ክፍል የጠፉ ድረ ገጾችን ቅጂ ይዟል። ከ1997ቱ ምርጫ በፊትና በኋላ ይሠሩ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የማይከፈቱ የዳያስፖራ የተቃውሞ ገጾችን የሚፈልግ ሰው የድሮውን አድራሻ እዚያ ያስገባና ከቀን መቁጠሪያው ላይ ቀን ይመርጣል። የዚያ ዘመን የአማርኛ ገጾች ብዙዎቹ ዛሬ ሁሉም መሣሪያ በሚያነበው ዩኒኮድ የተጻፉ አይደሉም፤ በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና መሰል ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ ስልክ ላይ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ብቻ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የዚያን ዘመን ፎንት ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ገጹን በእሱ መክፈት ይበቃል። አንዳንድ ጋዜጦችና መግለጫዎች ግን በፒዲኤፍ ስለተጫኑ ፎንት አይጠይቁም፤ ፍለጋውን ከእነሱ ጀምሩ።